ኮቲንጉ የተላጠው ሄሊዮስ 44-2፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ነገሩን ያየሁት ግንቦት ላይ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ ነው። ሙሽራዋ እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ከኋላቸው የአዳራሹ ትልቅ ኤልኢዲ መብራት አለ። ሙሽራዋ አንገት ላይ፣ ልክ ከሐብሏ በላይ፣ ሳንቲም የሚያህል ነጣ ያለ ክብ ነገር ቁጭ ብሏል። መብራቱ በፍሬሙ ግራ ሲሆን ክቡ በቀኝ ነው። ካሜራዬን ሳዞር መብራቱ ወደ ግራ ጠርዝ ይሄዳል፣ ክቡ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሸሻል። ስመልሰው ሁለቱም ወደ መሐል ይመለሳሉ። አርባ ሰከንድ ሙሉ እንዲህ ነው። አርባ ሰከንዱን ደግሞ ቆርጬ ልጥለው አልችልም። እናትና ልጅ የሚላቀሱበት ቦታ የሚቆረጥበት ሰርግ የለም።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2፣ የሶቪየት ሥሪት። ኤፍ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከገዛሁት ዘጠኝ ወር ሞላው። ስለሌላው ነገር ብዙ አልልም። የፎከስ ቀለበቱ ለስላሳ ነው፣ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ መሐሉ ላይ ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል። ከሰው ጀርባ ያለው ቅጠል ክብ ሠርቶ የሚዞር የሚመስልበትን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። እውነት ነው፣ ያምራል። ከካሜራዬ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተርም እስካሁን አላስቸገረኝም። እኔ የማወራው ስለዚያ ክብ ነገር ነው።

ሌንሱን የገዛሁት መስከረም ላይ፣ ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ነው። 11,500 ብር። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። ሌንሱን ወደ መስኮቱ አነሳና "እየው ወንድሜ፣ ጭረት የለ፣ ፈንገስ የለ፣ ብርጭቆው ፏ ያለ ነው" አለኝ። አየሁት። እውነትም ፏ ያለ ነው። ከዚያ የሸሚዙን ጫፍ ሳብ አድርጎ እንደገና ወልወል አደረገውና ሰጠኝ። ያችን መወልወል አሁን ሳስታውሳት ቆሽቴ ያርራል።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በፊልም ዘመን የሐዋሳን ግማሽ ሰርግ ያነሱት እሳቸው ናቸው ይባላል። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ቪዲዮውን አላዩትም። "ሌንሱን አምጣው ልጄ" አሉኝ። ሳሎናቸው ጣሪያ ላይ ካለው አምፖል ሥር ቆሙና ሌንሱን ዘንበል አድርገው ያዙት።

"አምፖሉን ብርጭቆው ላይ ፈልገው። ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ሐምራዊ ነው ጋሼ።"

"እሱ ጠርዙ ነው። አሁን ወደ መሐል አምጣው።"

ሌንሱን ቀስ ብዬ አዞርኩት። አምፖሉ ከሐምራዊ ወደ ነጭ ተለወጠ። ደማቅ ነጭ። ጠርዝና መሐል መካከል ድንበሩ በግልጽ ይታያል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ላይ ቀለም የሚባል የለም።

"እዚህ ጋ ኮቲንጉ አልቋል" አሉ ጋሼ። "አንድ ሰው ብዙ ዘመን በጨርቅ ሲፈትገው ኖሯል።" ኮቲንግ የሚሉት ብርጭቆው ላይ የሚቀባውን ስስ ሽፋን ነው።

"ግን እኮ ጋሼ፣ ፏ ያለ ነው።"

"ፏ ያለው ለዚያ ነዋ!"

ይህች መልስ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ። የሚያብረቀርቅ ሌንስ ጥሩ ሌንስ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሌንስ ብርጭቆ ካብረቀረቀ ብርሃኑን እየመለሰው ነው ማለት ነው። ጥሩ ሌንስ ብርሃኑን አይመልስም፣ ያሳልፋል። ሲያዩት ጠቆር ማለት አለበት።

አሁን ያ ሻጭ ፊት ለፊቴ ቢሆን የሚለኝን አውቀዋለሁ። "ወንድሜ፣ ብርጭቆው ደህና እስከሆነ ድረስ ኮቲንግ ምን ያደርጋል? ስስ ሽፋን እኮ ናት።" ልክ ነው፣ ስስ ናት። ውፍረቷ ወደ 100 ናኖሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 10,000 ጊዜ ትገባለች። ግን ምን እንደምታደርግ ልንገርህ።

ምንም ያልተቀባ ብርጭቆ ብርሃን በገባበት ገጽ ሁሉ 4 ከመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሄሊዮስ ውስጥ 6 ብርጭቆዎች አሉ፣ በ4 ቡድን የተደረደሩ። ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ 8 ነው ማለት ነው። ስምንት ጊዜ 4 ከመቶ ሲቀነስ በመጨረሻ የሚያልፈው ብርሃን 72 ከመቶ ገደማ ነው። የቀረው 28 ዝም ብሎ የሚጠፋ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። አይጠፋም። ከፊሉ በብርጭቆዎቹ መካከል ሲላጋ ቆይቶ የማይገባው ቦታ ላይ ያርፋል። ሙሽራ አንገት ላይ ያርፋል።

አንድ ንብርብር ኮቲንግ ሲቀባ ያ 4 ከመቶ ወደ 1.5 ገደማ ይወርዳል። ለዓይን ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ክቡ ነገር ግን የሚፈጠረው ሁለት ጊዜ በመንጸባረቅ ነው። ብርሃን ከውስጥ ካለ አንድ ገጽ ይመለሳል፣ ወደ ውጭ ሲሄድ የፊተኛውን ገጽ ያገኛል፣ እንደገና ወደ ውስጥ ይዞራል። የፊተኛው ገጽ 1.5 ሳይሆን 4 ከመለሰ ያ ክብ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይደምቃል። እንግዲህ ያቺ ስስ ሽፋን የምታደርገው ይህን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የኮቲንግን ነገር ካላወቅኩ አልተኛም አልኩ። ታሪኩ አስገረመኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በተበላሸ ብርጭቆ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1886 አሮጌ፣ ገጹ የደበዘዘ ብርጭቆ መረመረ። ሰው ሁሉ የሚጥለው ዓይነት ነው። ከአዲሱ ብርጭቆ የበለጠ ብርሃን ሲያሳልፍ አገኘው። ከአሥር ዓመት በኋላ ዮርክ ከተማ የነበረው የሌንስ ነዳፊ ዴኒስ ቴይለር ያንኑ በአሮጌ የቴሌስኮፕ ሌንሶች ላይ አየ። ይህ ሰው በሦስት ብርጭቆ ብቻ የሚሠራውን ኩክ ትሪፕሌት የነደፈ ነው። እና አዲስ ብርጭቆ በኬሚካል ሆን ብሎ ለማስረጀት ሞከረ፣ በ1904ም ፓተንት አወጣበት። ችግሩ የብርጭቆ ዓይነት ብዙ ነው፤ አንዱ ላይ የሠራው ሌላው ላይ አይሠራም። ነገሩ እዚያው ቀረ።

ለምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክረምት ላይ የባጃጅ ዘይት የተንጠባጠበበት ኩሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይታያል። ዘይቱ ቀለም ኖሮት አይደለም። ከዘይቱ የላይኛው ገጽ የተመለሰው ብርሃንና ከታችኛው ገጽ የተመለሰው ብርሃን እየተገናኙ ነው። ሐይቃችን ላይ የሁለት ጀልባ ሞገድ ሲገናኝ አንዱ ጋ ከፍ ይላል፣ ሌላው ጋ ይጠፋፋል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ሽፋኑን በልክ፣ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ሩብ አድርገህ ከቀባኸው፣ የሚመለሱት ሁለቱ ሞገዶች ይጠፋፋሉ። ኮቲንጉ የሚለካው ለመሐለኛው ቀለም፣ ለአረንጓዴ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው ያልፋል፣ ቀይና ሰማያዊው ትንሽ ትንሽ ይመለሳሉ። ቀይና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ ሐምራዊ። ጋሼ ያሳዩኝ ሐምራዊ አምፖል ይህ ነው።

በልክ መቀባቱን የቻለው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር የተወለደ፣ ጀርመን ውስጥ ዛይስ ለሚባለው የሌንስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው። በ1935 አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ማዕድን አትንኖ ብርጭቆ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። የጀርመን ጦር ወዲያው ምስጢር አደረገው። የጠላትን መርከብና ታንክ በምሽት የሚያይ መነጽር ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ የዛይስ ሌንሶች ላይ የምናየው ቀይ የ"ቲ" ፊደል "ትራንስፓሬንዝ" ለሚለው የጀርመንኛ ቃል ነው። ሶቪየቶቹም በራሳቸው ሌንስ ላይ ቀይ የ"ፔ" ፊደል ያደርጉ ነበር። ኮቲንግ አለው ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካትሪን ብሎጄት የምትባል ሴት ነበረች። ከካምብሪጅ በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ በ1926። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ስትሠራ ከሳሙና ጋር ዝምድና ያለው ነገር፣ አንድ ሞለኪውል ብቻ የሚወፍር፣ ብርጭቆ ላይ አንድ በአንድ ትደርብ ነበር። 44 ጊዜ ስትደርበው ብርጭቆው ማንጸባረቁን ተወ። በ1938 ለዓለም አሳወቀች። ችግሩ ሽፋኑ ለስላሳ ነው። በጨርቅ ከጠረግከው ይነሣል። ይህን ሳነብ ያ የሻጩ ሸሚዝ ታየኝ።

በዚያው ሰሞን ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካርትራይትና ተርነር በትነት ወደሚቀቡት የፍሎራይድ ማዕድናት ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ማግኒዚየም ፍሎራይድ ከእነዚህ ነው። መጀመሪያ እሱም በቀላሉ ይላጥ ነበር። ብርጭቆውን እያሞቁ ሲቀቡት ጠነከረ። ግን መጠንከር ማለት የማይላጥ ማለት አይደለም። አሸዋ ያለበት ጨርቅ ለሃምሳ ዓመት ከተመላለሰበት ምን ይችላል? የእኔው ሌንስ ተከታታይ ቁጥር በ76 ነው የሚጀምር። እነዚህ ሌንሶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን ነው የሚያሳዩት። በ1976 የተሠራ ዕቃ ነው ማለት ነው። በመካከል ስንት ሸሚዝ እንዳለፈበት እግዚአብሔር ይወቅ። ፋብሪካውን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። ጠርዙ ላይ ያለው ኮቲንግ ዛሬም እንደ አዲስ ነው።

ቆይ፣ ሻጩን ገና አልጨረስኩትም። "ሌላ ሌንስ ቢሆን አይጎዳውም ነበር፣ ይሄኛው ለምን ተጎዳ?" ካልክ መልሱ በዘር ሐረጉ ውስጥ ነው። በ1896 ጳውል ሩዶልፍ ለዛይስ ፕላናር የሚባል ሌንስ ሠራ። 6 ብርጭቆ፣ 8 ገጽ። በወረቀት ላይ ድንቅ ነበር። ብርሃን ሲመጣበት ግን ያኔ ኮቲንግ የለም፣ ምስሉ በጭጋግ ይሸፈናል። ራሱ ሩዶልፍ በ1902 ቴሳርን ሠራ። 4 ብርጭቆ፣ 6 ገጽ ብቻ። ዓለም ቴሳርን ገዛ። ፕላናር ለአሥርት ዓመታት ጥግ ያዘ። የዚያ ዘር ሌንሶች ወደ መሐል የተመለሱት ኮቲንግ ሲመጣ ነው።

የእኔ ሄሊዮስ ከዚያው ዘር ነው። በ1927 ዛይስ የነበረው ቪሊ ሜርቴ ቢዮታርን ነደፈ፣ ከዚያም 58 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ሆኖ ለፎቶ ካሜራ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ዲዛይኑ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ወደሚገኘው ፋብሪካ ተሻገረ። መጀመሪያ ስሙ "የክራስኖጎርስክ ቢዮታር" በሚል አጠር ተደርጎ ይጻፍ ነበር። በ1958 ስታርት ከሚባል ካሜራ ጋር ሲወጣ ሄሊዮስ 44 ሆነ። ከዚያ ከዜኒት ካሜራ ጋር በሚሊዮን ተመረተ። ሄሊዮስ በግሪክ ፀሐይ ነው። ስሙ ፀሐይ የሆነ ሌንስ ከፀሐይ የሚጠብቀው ያቺ ስስ ሽፋን ብቻ ናት። እሷን ከላጥክበት ወደ 1896 መለስከው።

የሲኒማ ሰዎች ይህን ጣጣ ከእኛ በፊት አይተውታል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የካርቦን መብራቶች ጩኸታቸው ማይክ ውስጥ እየገባ አስቸገረ። ወደ አምፖል ሲዞሩ ብርሃኑ አነሰ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ተፈለገ። እንግሊዞቹ ሆራስ ሊ የነደፈውን ይዘው ኩክ ስፒድ ፓንክሮ የሚባለውን ሌንስ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ኤፍ 2 ነው፣ ዘሩም እንደ ሄሊዮስ ነው። መጀመሪያ ላይ ኮቲንግ አልነበረውም። ስለዚህ መብራትን በጥቁር ጨርቅና በሰሌዳ እየከለሉ ነበር የሚቀርጹት። ዛሬም የሲኒማ ካሜራ ፊት ላይ የምናየው ያ ጥቁር ሳጥን፣ ማት ቦክስ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ሌላም ነገር ከእነሱ ተማርኩ። የሲኒማ ሌንስ በኤፍ ሳይሆን በ"ቲ" ቁጥር ነው የሚለካው። ኤፍ ቀዳዳውን ነው የሚነግርህ። ቲ በእርግጥ ያለፈውን ብርሃን ይነግርሃል። ኮቲንግ የሌለው ባለ 8 ገጽ ኤፍ 2 ሌንስ በእርግጥ የሚሰጥህ የ2.4 ገደማ ብርሃን ነው። አንድ ትዕይንት በሁለት ሌንስ ሲቀረጽ ብሩህነቱ እንዳይዛነፍ ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው። ሻጮቻችንም "ኤፍ ሁለት ነው" ከማለታቸው በፊት ስንት ብርሃን እንደሚያልፍ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ጓደኛዬ ሌላ ምክር ነበረው። "ይሄን ሽጠውና ኤምሲ የተጻፈበትን ሄሊዮስ ግዛ" አለኝ። ኤምሲ ማለት ኮቲንጉ ብዙ ንብርብር ነው ማለት ነው። በሌንስ ላይ ይህን በስፋት ያመጣው አሳሂ የሚባለው የጃፓን ካሜራ ኩባንያ ነው፣ በ1971፣ በሰባት ንብርብር። ዛይስ በዓመቱ የራሱን ብዙ ንብርብር ኮቲንግ፣ ኮከብ ያለበትን ቀይ ቲ፣ አወጣ። የሶቪየቶቹ ኤምሲ ሄሊዮስ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጓደኛዬ የራሱን 44ኤም-4 ኤምሲ አበደረኝ። ሁለቱንም ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድኩ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ውሃው ስትዞር ፀሐይዋን ነው የምትጋፈጠው። አንዲት ልጅ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቆመችልኝ። ጠይም ናት። ጀርባዋ ላይ ፀሐይ፣ አጠገቧ አንድ አባ ኮዳ። ኤምሲው ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ አወጣው። አባ ኮዳው ላባው ሳይቀር ይቆጠራል። የልጅቷ ፊት ግን ጨለመ። ቀሚሷ እንዳይቃጠል ብርሃኑን ስቀንስ ዓይኗ ጠፋ።

የእኔን አሰርኩ። ስስ ብርሃን መላ ፍሬሙ ላይ ፈሰሰ። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ የፊቷ ቅርጽ ብቅ አለ። ቀሚሷም አልተቃጠለም። ነገሩ ተአምር አይደለም። ሌንሱ ውስጥ የሚላጋው ብርሃን ጥላው ላይ እየተደፋ ከፍ አደረገው፣ ያ ነው ያደረገው። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ጥላ ውስጥ ብዙ አያይም። የሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ ጥላዋ እንደ ቢላ የሰላ ነው። ነጭ ጥለትና ጠይም ፊት በአንድ ፍሬም የያዘ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቀዋል። እዚያ ቆሜ ሁለቱን ሥዕሎች ሳስተያይ ልቤ ወደዚህኛው አዘነበለ። ዛሬም እንዳዘነበለ ነው።

በኋላ እንደገባኝ ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ አሉ። በ1998 የወጣውን "ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን" የቀረጸው ያኑሽ ካሚንስኪ የሌንሶቹን ኮቲንግ አስፍቆ ነው የሠራበት። የድሮ የጦርነት ፊልም እንዲመስል ፈልጎ። እሱ ግን ፈልጎ፣ አውቆ፣ በባለሙያ እጅ፣ አስቀድሞ ሞክሮ ነው። እኔ ደግሞ "ፏ ያለ ነው" ተብዬ 11,500 ብር ከፍዬ ነው። ሻጩ ይህን ታሪክ ሰምቶ "እንዲያውም ሲኒማዊ አደረግኩልህ" ብሎ እንዳይመጣብኝ። አልሸጥክልኝም ይህን። የሸጥክልኝ ንጹህ ብርጭቆ ነው። መሐሉ የተላጠ መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ በ6,000 በደስታ እወስደው ነበር። ስደውልለት "ዕቃ ከወጣ አይመለስም" አለኝ። አልተከራከርኩትም። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ነው።

መልሶ ማስቀባት ይቻላል? ይቻላል ይባላል። ሌንሱ ይፈታል፣ የቀረው ኮቲንግ ይፋቃል፣ ብርጭቆው ቫኪዩም ዕቃ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ አብሬው መኖር ተማርኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ለሌንሱ ከጎን የሚመጣን ብርሃን የሚከልል ኮፍያ ነው። የሄሊዮስ ኮፍያ የሚጠመዘዝበት የፊት ጥርስ 49 ሚሊሜትር ነው፣ የጎማ ኮፍያ በቀላሉ ይገኝለታል። ውስጡን ጥቁር ቬልቬት ለጠፍኩበት። ከጎን የሚመጣ መብራት አሁን አያስቸግረኝም። ፍሬም ውስጥ ያለ መብራት ግን ኮፍያ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ቀዳዳው ነው። ያን የሰርግ ቀን ፎከስ እንዳይስትብኝ ፈርቼ በ5.6 ነበር የቀረጽኩት። ስህተቴ እሱ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ያ የሚላጋው ብርሃን ተሰብስቦ ጠርዙ የተለየ ክብ ይሆናል። በ2 ስከፍተው ያው ብርሃን ይበተናል፣ ለስላሳ ጭጋግ ይሆናል። ጭጋግ ሙሽራ ላይ ያምራል፣ ክብ አያምርም። ደግሞም በ2 ብርሃኑ የሚያልፍበት የፊት ብርጭቆ ስፋት 29 ሚሊሜትር ነው፣ ብዙው ኮቲንጉ ባለበት በጠርዙ በኩል ያልፋል። በ8 ብታደርገው 7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል፣ ያውም ልክ የተላጠው ቦታ ላይ። ስለዚህ መብራት ፊቴ ካለ እከፍተዋለሁ። ሌላ ሌንስ ላይ የምትማረውን ሁሉ እዚህ ገልብጠህ ነው የምትሠራበት።

ሦስተኛው ማጽዳቱ ነው። በዚህ ላይ ክፉ ሆኛለሁ። ረዳቴ በነጠላ ጫፍ ሊጠርገው ሲል እጁን ይዤዋለሁ። የከተማችን አቧራ ውስጡ አሸዋ ነው። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ይነፋል። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ። ቅባት ካለበት ብቻ በንጹህ ማይክሮፋይበር፣ ያውም ሳይጫኑ። ብዙ ጊዜ አቧራ ምስሉ ላይ ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ እተወዋለሁ። ማታ ደግሞ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ካለበት የፕላስቲክ ሳጥን አይወጣም። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሌንሱን የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ክረምቱን ካሳለፈ ፈንገስ ያፈራል። ፈንገስ ደግሞ ኮቲንግ ብቻ አይደለም፣ ብርጭቆም ይበላል።

ሌንስ ልትገዙ ስትሄዱ ወደ መስኮት አታንሱት። መስኮት ጭረትንና ፈንገስን ነው የሚያሳይ። አምፖል ሥር ይዛችሁት ሂዱ። የአምፖሉን ቀለም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተከተሉት። የትም ቦታ ነጭ ከሆነ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱ። ሻጩ "ምን ታደርጋለህ?" ካላችሁ፣ ንገሩት።

የሰርጉን አርባ ሰከንድ በፍሬም በፍሬም አጸዳሁት። ሦስት ሌሊት ወሰደብኝ። የሙሽራዋ እናት ሲያዩት አለቀሱ፣ ስለ ክቡ ማንም አላነሳም። እኔ ግን አሁንም የት እንደነበረ አውቃለሁ።

ትናንት አንድ ልጅ "ሄሊዮስህን በ9,000 ሽጥልኝ" ብሎ መጣ። ከሁሉ በፊት አምፖል ሥር ወሰድኩት። ሐምራዊውን አየ፣ ወደ መሐል ሲያመጣው ነጩን አየ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። ከላይ እስከ ታች ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "እንግዲያው 7,000" አለ። ዋጋው ትክክል ነበር። ልስማማ አፌን ከፈትኩና ያቺ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ፊት ትዝ አለኝ። ይቅርታ ወንድሜ፣ አልሸጠውም አልኩት። ቅዳሜ አሞራ ገደል አጠገብ መልስ አለኝ። ሙሽሮቹ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከጀርባቸው እንድትሆን ነው የጠየቁኝ።